የተሰነጠቀ ኢ46 ኤም3 ሲጠገን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ2000 እስከ 2006 የተመረተው ቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም3 ሞተሩ ግሩም ነው፤ ድካሙ ያለው ከኋላ ነው። መኪናው እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሻሲ ነው። ዲፈረንሻሉንና የኋላ እግሩን የተሸከመው ሰብፍሬም በአራት ቦታ የሚታሰረው ከወለሉ ሥር ካለ ስስ ላሜራ ጋር ነው። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ሰብፍሬሙ ላሜራውን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም መጀመሪያ የነጥብ ብየዳዎቹ ይለቃሉ፣ ከዚያ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ሰብፍሬሙን ሳያወርዱ ከሥር በባትሪ ተመልክቶ «ደህና ነው» ማለት ነው። ላሜራው ወፍራም መከላከያ ተቀብቷል፤ ስንጥቁ የሚደበቀው ከቅቡ በታች ነው። ሰብፍሬሙ ይውረድ፤ በአራቱም ማሰሪያዎች ዙሪያ ቅቡ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይነሳ። ስንጥቁ ከማሰሪያው ጠርዝ ተነስቶ የሚሄድ፣ ፀጉር የመሰለ ቡናማ መስመር ነው። ካጠራጠረ በአሴቶን ጠርጎ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ቀለም መርጨት ነው። ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን ከላይም ማየት ያስፈልጋል፤ ከታች ንጹሕ የሆነ ማሰሪያ ከላይ ተቀዶ ሊገኝ ይችላል።

ስንጥቁን እንዳለ በላዩ ላይ መበየድም ዋጋ የለውም። ጫፉ ካልቆመ ብየዳውን አልፎ ይቀጥላል። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በ3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይበሱ፤ መስመሩ በቀጭን ዲስክ ትንሽ ይከፈት፤ ዙሪያው ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይጽዳ። ከዚያ በ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ፣ በሚግ (ሽቦውን ራሱ እየመገበ በጋዝ ከለላ በሚበይድ ማሽን) ይበየዳል። በኤሌክትሮድ ዘንግ አይሞከር፤ ስስ ላሜራን ይበሳል። ብየዳው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየተቆራረጠ፣ ከአንዱ ማሰሪያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይሠራ። በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር የበየደ ሰው ላሜራውን በሙቀት ያጣምመዋል፤ ኋላ ሰብፍሬሙ ሲመለስ ብሎኑ ቀዳዳውን አያገኝም።

እሳቱን አሳንሶ ማየት ከሁሉም የከፋ ነው። በዚህ መኪና የነዳጅ ታንኩ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ ባትሪውም ያለው ከኋላ ነው። ታንኩ ይውረድ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ከብየዳው ይራቁ፣ ባትሪው ተነቅሎ ይውጣ፣ ምንጣፉና የድምፅ መከላከያው በሙሉ ይነሳ። አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ከላይ ይቁም፤ ከሥር የሚበይደው ሰው ወለሉ ላይ የሚጨስ ነገር አይታየውም። ቀደም ሲል በፋብሪካው ዘዴ የተጠገነ መኪና ከማሰሪያዎቹ በላይ ያለው ዝግ የላሜራ ሳጥን ፎም የተሞላ ሊሆን ይችላል። ፎሙ ሲቃጠል ጭሱ መርዛማ ነው፣ ብየዳውንም አረፋ ያደርገዋል፤ ተፍቆ ካልወጣ አይበየድ። ላሜራው ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ጭስ የሚያጣራ ማስክና ክፍት አየር የግድ ነው።

ስንጥቁ ተበይዶ ማጠናከሪያ ሳይገባ መኪናውን መልቀቅ ደግሞ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መጣል ነው። ለአራቱም ማሰሪያዎች ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሳህን ይበየዳል፤ ያልተሰነጠቁትም ይጨመሩ፣ ተራቸው ይደርሳልና። ውድድር ለሚገባ መኪና ግን የታች ሳህን ብቻ አይበቃውም፤ ጫናውን ከማሰሪያዎቹ ወደ ላይኛው ቦዲ የሚያሻግር ድጋፍ ከውስጥ ያስፈልገዋል።

ያረጀ ቦኮላ (በሰብፍሬሙና በማሰሪያው መካከል የሚገባ ንዝረት የሚያለዝብ ጎማ) መልሶ መግጠም አዲሱን ብየዳ ማስመታት ነው። ጎማው የላላ ቦኮላ ሰብፍሬሙን ያወዛውዘዋል፤ የሰብፍሬሙም የዲፈረንሻሉም ቦኮላ አብሮ ይቀየር። ጠንካራ ቦኮላ ግን ማጠናከሪያን አይተካም።

ብየዳው እንደ በረደ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ማሸጊያ፣ ከዚያም የታች መከላከያ ይቀባ። ከማሰሪያዎቹ በላይ ባለው የላሜራ ሳጥን ውስጥ ያለው የብየዳው ጀርባ ቀለሙ ተቃጥሏልና በረጅም ቱቦ ሰም ይረጭበት፤ ይህ ከተረሳ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል።

በመጨረሻ፣ የእግሮቹን ብሎኖች ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ አያጥብቁ። የእግሮቹ ቦኮላ በዚያው ስለሚያዝ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዙ፤ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ በቶርክ ቁልፍ፣ በጥገና መመሪያው ልክ ይጥበቁ፤ ከዚያ አላይመንት ይሠራ።