የትክትክ መርዝን የሚለይ አንቲቦዲ አልሠራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የትክትክ ባክቴሪያ የሆነው ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ የሚያመነጨው ፐርቱሲስ ቶክሲን ከኤስ1 እስከ ኤስ5 በሚባሉ አምስት ዓይነት ፕሮቲኖች የተገነባ ነው፤ ኤስ4 ሁለት ጊዜ ስለሚገኝ በድምሩ ስድስት ክፍሎች አሉት። በሕዋስ ውስጥ ጉዳት የሚያደርሰው ኢንዛይም ኤስ1 ሲሆን፣ ሌሎቹ መርዙን ከሕዋሱ ገጽ ጋር ያጣብቁታል። ከዚህ በታች የተጻፈው ኤስ1ን የሚለይ፣ ከአይጥ የተገኘ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (አንድን ዒላማ ብቻ ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ለሚጠቀሙ ባለሙያዎች ነው።

ምልክት፦ በዌስተርን ብሎት ላይ የኤስ1 መስመር አይታይም

ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ፣ ወደ ሜምብሬን አዛውሮ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ከ26 እስከ 28 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ መታየት ያለበት መስመር ሲጠፋ ብዙዎች የአንቲቦዲውን መጠን ለመጨመር ይቸኩላሉ፤ በእኔ እይታ ግን አስቀድሞ መጣራት ያለበት መርዙ በናሙናው ውስጥ መኖሩ ነው። ባክቴሪያው መርዙን የሚያመርተው ቢቪጂ የተባለው የጂን መቆጣጠሪያ ሥርዓት ሲነቃ ብቻ በመሆኑ፣ በማሳደጊያው ውስጥ ማግኒዥየም ሰልፌት ወይም ኒኮቲኒክ አሲድ ከበዛ፣ ወይም የኢንኩቤተሩ ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከወረደ ምርቱ ይቋረጣል። ከሳህን ወደ ሳህን ደጋግሞ የተዛወረ ዝርያም ይህን ሥርዓት በሚውቴሽን ሊያጣ ይችላል፤ በደም አጋር ላይ ደም ማሟሟቱን ካቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ሲሆን በማቀዝቀዣ ከተቀመጠው የመጀመሪያ ክምችት ተነሥቶ በ37 ዲግሪ እንደገና ማሳደግ ያስፈልጋል። መርዙ ወደ ውጭ የሚለቀቅ ስለሆነ የዘቀጠውን ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን ከላይ የቀረውን ፈሳሽም መመርመር ይገባል፤ በዚያው ጄል ላይ የተጣራ መርዝ ለማነጻጸሪያ መጫንም ግድ ነው።

የተጣራው መርዝም ካልታየ ምርመራው ወደ አንቲቦዲውና ወደ ናሙናው አዘገጃጀት ይዞራል። አንዳንድ ሞኖክሎናል አንቲቦዲዎች የሚለዩት የፕሮቲኑን ቅርጽ ሲሆን፣ በኤስ1 ውስጥ 41ኛውንና 201ኛውን ሲስቴይን (አሚኖ አሲድ) የሚያገናኘው የሰልፈር ድልድይ በቤታ መርካፕቶኢታኖል ወይም በዲቲቲ ሲቆረጥ ይህ ቅርጽ ይፈርሳል። ስለዚህ ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ያለ እነዚህ ኬሚካሎች ማስኬድ፣ ያልፈላውን መርዝም በቀጥታ በሜምብሬን ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው። በፎርማልዴሃይድ የከሸፈ የክትባት መርዝም በተመሳሳይ ምክንያት ደካማ ምልክት ሊሰጥ ይችላል።

ምልክት፦ በኢላይዛ መርዝ የሌለበት ጉድጓድም ቀለም ያወጣል

ኢላይዛ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ፕሮቲንን በአንቲቦዲና በቀለም የሚለይ ምርመራ ነው። ያዡም (መርዙን በጉድጓዱ ውስጥ የሚይዘው) ጠቋሚውም (የተያዘውን መርዝ የሚያሳየው) አንቲቦዲ ከአይጥ የተገኙ ከሆኑ፣ ፀረ አይጥ የሆነው ሁለተኛ አንቲቦዲ ያዡን በቀጥታ ስለሚይዘው ቀለሙ ስለ መርዙ ምንም አይናገርም። ያዡን ከጥንቸል በተገኘ አንቲቦዲ መተካት፣ ወይም ጠቋሚውን ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አልብሶ፣ ባዮቲንን አጥብቆ በሚይዘው ስትሬፕታቪዲን ማንበብ ይቻላል፤ በሁለተኛው መንገድ የጉድጓዱን ባዶ ቦታ ለመሸፈን የሚጨመረው ወተት ራሱ ባዮቲን ስላለው በምትኩ የከብት አልቡሚን መጠቀም ይሻላል። መርዙን ራሱን ላይሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር በሚጣበቅ ባዮቲን ለማልበስ ለሚያስብ ግን ማስጠንቀቂያ አለ፤ የበሰለው ኤስ1 አንድም ላይሲን ስለሌለው ሌሎቹ ክፍሎች ሲለብሱ እሱ እርቃኑን ሊቀር ይችላል።

ምልክት፦ በሲኤችኦ ሕዋሳት ሙከራ አንቲቦዲው መርዙን አያከሽፍም

መርዙ ከሃምስተር እንቁላል እጢ የተገኙትን እነዚህን ሕዋሳት እንዲሰባሰቡ ያደርጋል፤ የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ይህን ይከለክላል። መጣበቅና ማክሸፍ ግን የተለያዩ ናቸው፤ በብሎት ላይ ጥሩ የሠራ አንቲቦዲ የኢንዛይሙን ሥራ የማይነካ ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ወደዚህ ድምዳሜ ከመድረስ በፊት መርዙና አንቲቦዲው ወደ ሕዋሱ ከመጨመራቸው በፊት አብረው መቆየታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መርዝ ሳይጨመር ሕዋሳቱ ከሞቱ ደግሞ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ በአንቲቦዲው ውስጥ ለማቆያ የተጨመረው ሶዲየም አዛይድ ነው፤ በዲያሊሲስ (በስስ ሽፋን አጣርቶ) ማስወገድ ወይም ከአዛይድ ነፃ የሆነውን ማዘዝ ነው። ይኸው አዛይድ በኢላይዛ ቀለም የሚያወጣውን የኤችአርፒ ኢንዛይምንም ስለሚያዳክም በኢላይዛ ማጠቢያ ባፈር ውስጥ መግባት የለበትም።

ምልክት፦ በቦርዴቴላ ፓራፐርቱሲስ ናሙና ላይም መስመር ይታያል

ይህ ባክቴሪያ የመርዙ ጂኖች ቢኖሩትም ፕሮሞተራቸው (ጂኖቹን ሥራ የሚያስጀምረው ክፍል) ስለተበላሸ መርዙን አያመርትም። ስለዚህ መስመሩ የብክለት ወይም ያለ ቦታው የተጣበቀ አንቲቦዲ ምልክት ነው፤ የመርዙ ጂኖች የተሰረዙበት የፐርቱሲስ ዝርያ አብሮ ሲሮጥ ሁለቱን ይለያቸዋል።