የዳታቤዝ ሰርቨር በጠባብ በጀት ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ያለ መድኃኒት ቤትም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ጅምላ አከፋፋይ የዳታቤዝ ሰርቨር (ሽያጭና ደረሰኝ የሚመዘገብበት ማሽን) ሲፈልግ አዲስ ለመግዛት አቅሙ አይፈቅድ ይሆናል። ያኔ የሚቀረው ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሰርቨር ማስመጣት ወይም መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሰውን ማሽን መቀስቀስ ነው። ሁለቱም በደንብ ከታሰበባቸው ያዋጣሉ። ብር የሚባክነው ባልሆነ ዕቃ ላይ ሲውል ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ብርና ብዙ ዳታ የሚበሉ ስህተቶች ናቸው።

ሳይለኩ እስፔክ መጻፍ

ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ሊሰበስብ «እስፔክ አምጡ» ሲል ባለሙያው «ሁለት ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋ ራም፣ 4 ቴራ ዲስክ» ብሎ ጽፎ ይሰጣል። ቁጥሮቹ ከየት መጡ ቢባል ግን መልስ የለም። መጀመሪያ አሁን የሚሠራው ማሽን የት ላይ እንደሚታነቅ ይወቁ። ሊኑክስ ከሆነ የዲስክንና የፕሮሰሰርን ጫና የሚያሳየውን አይኦስታት የተባለ ትዕዛዝ በየ5 ሰከንዱ ያስነብቡ። ዲስኩ ለአንድ ጥያቄ 20 እና 30 ሚሊሰከንድ እያስጠበቀ ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ ላይ ከተኛ፣ ችግሩ ዲስክ ነው። ቪኤምስታት በተባለው ትዕዛዝ ላይ ወደ ስዋፕ (ራም ሲሞላ በምትኩ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) የሚገባውና የሚወጣው ቁጥር ዜሮ ላይ አልረጋ ካለ ራም አንሷል። ዊንዶውስ ላይ ሪሶርስ ሞኒተር ተመሳሳይ መረጃ ይሰጣል። ልኬቱን እሑድ ከሰዓት በኋላ አይውሰዱ። ደሴ ላይ ሰኞ ገበያው ሲደምቅ፣ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው እውነተኛው ጫና።

ሶፍትዌርዎ የሚሠራው በነፃው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከሆነ ደግሞ ልኬቱን ሳይጀምሩ የሚያውቁት ገደብ አለ። ከ2016 እስከ 2022 ያሉት ስሪቶች ዳታ ለማቆየት ከ1,410 ሜጋባይት በላይ ራም አይወስዱም፣ ከ4 ኮር (የፕሮሰሰር የሥራ ክፍል) በላይ አይነኩም፣ አንድ ዳታቤዝም ከ10 ጊጋባይት እንዲያልፍ አይፈቅዱም። ለዚህ 64 ጊጋ ራም መግዛት ብርን ሜዳ ላይ መበተን ነው። 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ላይ ጥሩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) መጨመር በእጅጉ ይሻላል።

የኮር ብዛት ማሳደድ

አንድ ተራ የዳታቤዝ መጠይቅ በአብዛኛው የሚሮጠው በአንድ ኮር ላይ ነው። አምስት ገንዘብ ተቀባይ ላለው ቤት 12 ኮር በ2.4 ጊጋኸርዝ ከሚሰጠው ኢንቴል ኢ5-2695 ቪ2 ይልቅ 8 ኮር በ3.3 ጊጋኸርዝ የሚሰጠው ኢ5-2667 ቪ2 ቶሎ ይመልሳል። ዴል አር720 የተባለው ሰርቨር ላይ የቪ2 ፕሮሰሰር ከመሰካትዎ በፊት በአሮጌው ፕሮሰሰር እያለ ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ውስጣዊ ፕሮግራም) ያድሱ፤ አለበለዚያ ማሽኑ አይነሳም።

ራሙም ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘ ነው። አር720 24 የራም ማስገቢያ አለው፣ ግማሾቹ ግን የሚሠሩት ሁለተኛው ፕሮሰሰር ሲኖር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር አራት የራም መስመር ስላለው ሁለት ባለ 16 ከመሰካት አራት ባለ 8 መሰካት ይመረጣል። ሬጂስተርድ (የትዕዛዝ ምልክቱን የሚያስተላልፍ ቺፕ ያለበት) የሆነውንና ያልሆነውን ራም ደባልቆ መሰካት አይቻልም። ያገለገለ ራም ሲገዙ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስትን አንድ ሌሊት ሙሉ ያስሩጡ።

የላፕቶፕ ኤስኤስዲ ለዳታቤዝ መግዛት

ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኙን ስትመዘግብ፣ ዳታቤዙ «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት ጽሑፉ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ስለሚጨርስ ተከታታይ ማረጋገጫዎችን ሲሰጥ በሰከንድ ከ120 ብዙም አያልፍም። ኤስኤስዲ ይህን ማነቆ ይፈታል፤ ስህተቱ ግን ርካሹን ለላፕቶፕ የተሠራውን ማንሳት ነው። እንዲህ ያለው ኤስኤስዲ የተላከለትን ጽሑፍ መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ያቆየዋል። «አሁኑኑ አሳርፍ» ሲባል ወይ ይንቀራፈፋል፣ ወይ ሳያሳርፍ «አሳርፌያለሁ» ይላል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ሁለተኛው የተበላሸ ዳታቤዝ ማለት ነው።

የሰርቨር ኤስኤስዲ ውስጡ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉት። ኃይል ሲቋረጥ የያዙት ጥቂት ኃይል በእጅ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማሳረፍ ይበቃል። ያገለገሉ ኢንቴል ኤስ3700፣ ኤስ3500፣ ሳምሰንግ ፒኤም863 ከዚህ ወገን ናቸው። ማርጀታቸው አያስፈራዎት፤ 400 ጊጋው ኤስ3700 የተሠራው 7.3 ፔታባይት እንዲጻፍበት ነው። በቀን 100 ጊጋ ቢጻፍበት እንኳ 200 ዓመት ይፈጃል። የዲስክን ጤንነት በሚያነበው ፕሮግራም በስማርትሲቲኤል ኢንቴሉን ሲያስነብቡት መለያ ቁጥር 233 ላይ ቀሪ ዕድሜው ይታያል። ከ100 ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ቁጥር ነው፤ ከ70 በታች የሆነውን አይግዙ።

ከገዙ በኋላ ከፖስትግሬስ (ነፃ ዳታቤዝ) ጋር የሚመጣውንና ዲስኩ በሰከንድ ስንት ጽሑፍ እንደሚያሳርፍ የሚለካውን ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክ ያስሩጡ። ካፓሲተር ያለው ኤስኤስዲ በሰከንድ ሺዎችን ይሰጣል። ከባትሪ ካሽ (ጽሑፍን ለጊዜው የሚያቆይ፣ ባትሪ ያለው ማስታወሻ) ጋር ያልተያያዘ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሺዎችን ካሳየዎት ግን ደስ አይበልዎት። ዲስኩ እየዋሸ ነው፤ የራሱን የጽሑፍ ካሽ ያጥፉት።

የሬይድ ኮንትሮለሩን ባትሪ አለማየት

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ማሠራት ነው፤ ኮንትሮለሩ ይህን የሚመራው ካርድ ነው። ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የሚሸወዱበት ነው። ክዳኑ ሲነሳ ባትሪው ከሳሙና ቁራጭ የማይበልጥ፣ በቀጭን ሽቦ ከኮንትሮለሩ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ጎኑን በጣት ይዳስሱት፤ ካበጠ ሞቷል ማለት ነው። ዴል ኤች710 የተባለው ኮንትሮለር 512 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ጽሑፉን እዚያ ተቀብሎ ወዲያው «ተመዝግቧል» የሚለው ባትሪውን ተማምኖ ነው። ባትሪው ሲሞት በራሱ ካሹን መጠቀም ያቆምና እያንዳንዱን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ዲስክ ይልካል። ሰርቨሩ አይቆምም፣ ሶፍትዌሩ ላይም ስህተት አይታይም፣ ምዝገባው ግን ይጎተታል። ሰውም ሶፍትዌሩን ይወቅሳል። በዚህ ጊዜ «ባትሪ ባይኖርም ካሹን ተጠቀም» የሚለውን ምርጫ ማብራት ፍጥነቱን ይመልሳል፣ ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ካሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፈጽሞ አያብሩት፤ ባትሪውን ይቀይሩ። ርካሹ ኤች310 ደግሞ ከናካቴው ካሽ የለውም፤ ለሚሽከረከር ዲስክ አይሆንም።

ቦታ ለመቆጠብ ሬይድ 5 (የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ብቻ ለመጠባበቂያ የሚወስደውን) መምረጥም ያስከፍላል። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 140 ያህል ሥራ የሚሠሩ አራት ባለ 10 ሺህ ዙር ዲስኮች አሉ እንበል። ሬይድ 5 ለአንድ ትንሽ ጽሑፍ አራት የዲስክ ሥራ ስለሚፈልግ 140 ጽሑፍ ብቻ ይወጣዋል፤ ሬይድ 10 (ዲስኮቹን በጥንድ የሚያባዛው) ሁለት ስለሚፈልግ 280 ይሆናል። ባለ 4 ቴራ ዲስክ ሲሞት መልሶ ለመገንባት በሰከንድ 100 ሜጋባይት እንኳ ቢሄድ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አብረው ያረጁት ሌሎቹ ዲስኮች በእነዚያ 11 ሰዓታት ሳያርፉ ይነበባሉ፤ ሁለተኛው የሚሞተውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሁለት ጥሩ ኤስኤስዲ በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) አብዛኛውን ትንሽ ድርጅት ይበቃዋል።

ዩፒኤሱን በመጨረሻ በተረፈው ብር መግዛት

ዩፒኤስ ከሰርቨሩ እኩል በጀት ውስጥ ይግባ። ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ በወረቀት ላይ 216 ዋት ሰዓት ነው። 200 ዋት ለሚበላ ሰርቨር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያቆይ ይመስላል። ሊድ ባትሪ ግን በፍጥነት ሲጠባ ከተጻፈበት ግማሽ ያህሉን ነው የሚሰጠው፤ ዩፒኤሱ ራሱም ይበላል። አዲስ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ቢያቆይ ጥሩ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙና ባትሪው 40 በመቶ ሲደርስ ዳታቤዙ በሥርዓት እንዲዘጋ ያድርጉ፤ ሊኑክስ ላይ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ይህን ይሠራል። ገመዱ ካርቶን ውስጥ ከቀረ ዩፒኤሱ የሚያደርገው መዘጋቱን በግማሽ ሰዓት ማዘግየት ብቻ ነው።

ሲገዙ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መብራት ኃይሉ ያለ ለስላሳ ሞገድ) የሚሰጥ መሆኑን ይጠይቁ። ርካሾቹ የሚሰጡት የተቆራረጠ ሞገድ ስለሆነ የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ልክ ወደ ባትሪ ሲዞር ሊጠፋ ይችላል። መብራት ተመልሶ ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና የሚሄድበት ጊዜ ስላለ ባዮስ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ ተነሳ» የሚለውን ያጥፉ፣ ወይም የመዘግየት ጊዜ ካለው ከፍተኛውን ይስጡት። ኧርዝ የሌለው ባለ ሁለት እግር ማራዘሚያ ላይ ሰርቨር አይሰካም።

ደሴ ብርድ ነው ብሎ ማቀዝቀዣን መርሳት

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የዴል መመሪያ እስከ 950 ሜትር ድረስ 35 ዲግሪ ይፈቅድና ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ ጣሪያው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች 32 ይደርሳል፣ ነገር ግን እዚያ ቀን ቀን የተዘጋ ክፍል ይህን በቀላሉ ያልፋል። ቴርሞሜትሩን የክፍሉ በር ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ አየር በሚስብበት ፊት ላይ ያድርጉት። በዓመት ሁለት ጊዜ በብሎወር አቧራውን ሲያነሱ የፋኑን ምላጭ በጣት ይያዙት፤ እንዲሽከረከር ከተዉት መሽከርከሪያው ይጎዳል።

ሻጩን አምኖ ዲስኩን አለመፈተሽ

በስማርትሲቲኤል ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ይዩ፤ 8,760 ሰዓት አንድ ዓመት ነው። ሳታ (በተራ ኮምፒውተር የተለመደው ዓይነት) ዲስክ ከሆነ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት መለያ 5፣ 197 እና 198 ጥሬ ቁጥራቸው ዜሮ መሆን አለበት። 197 ላይ አንድም ቁጥር ካለ አይውሰዱት። ማሽኑን ነቅለው ሲሰኩት ሰዓቱ የተሳሳተ ከሆነ የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ አልቋል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ካልተቀየረ ግን የደረሰኝ ቀን ያበላሻል።

ሁሉንም ብር አንድ ማሽን ላይ መጨረስ

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሳሉ አንድ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሥራው ዕቃው እስኪመጣ ይቆማል። አንድ ዘመናዊ ከመግዛት አንድ ዓይነት ሁለት አሮጌ መግዛት እመርጣለሁ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው መለዋወጫ ነው። ሲገዙ የዲስክ ማቀፊያዎቹ ሙሉ መሆናቸውን ይቁጠሩ፣ የጎደሉትን ለየብቻ መፈለግ ያስቸግራል።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይሰረዛል። በየማታው የሚወጣውን ቅጂ ደሴ ላሉት ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ላሉት ደሴ ያስቀምጡት፤ ሁለቱን የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሐረጎን ወርዶ የሚሄድ ሰው በፍላሽ ይዞት ቢሄድም ይበቃል። በወር አንድ ቅዳሜ ቅጂውን በሁለተኛው ማሽን ላይ መልሰው ይጫኑትና የዓርብን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ይፈልጉ። ካገኙት ቅጂው ይሠራል።