ዲ ላይ ስትቆም የምትንቀጠቀጥ ራቭፎር

የ2002 ቶዮታ ራቭፎር፣ 2.0 ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ባለ ፎር ዊል። ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹ ዲ (ወደፊት መንጃ) ላይ ሆኖ ፍሬን ተይዞ ስትቆም ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ከ700 ወደ 500 ዙር ይወርድና መሪው ይንቀጠቀጣል። 2000 ዙር ላይ ግን ጸጥ! አዳማ ውስጥ ለዚህ ምልክት ቶሎ የሚታዘዘው ሱፖርቶ (ሞተሩን የሚይዘው ጎማ) መቀየር ነው። ያረጀ ሱፖርቶ ንቅናቄውን ያስተላልፋል እንጂ ዙር አያወርድም።

ካንዴላዎቹ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡት) ክፍተታቸው 1.1 ሚሊሜትር፣ ደህና ናቸው፤ አራቱም ግን ነጣ ብለዋል። ለካንዴላ ኃይል የሚሰጠው የቦቢና ሶኬት ተራ በተራ ሲነቀል በአራቱም ዙሩ እኩል ወረደ፤ ስለዚህ ለብቻው የሞተ ሲሊንደር የለም። የመኪናዋ ኮምፒውተር ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፦ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል።

የካርቡሬተር ማጽጃ በኢንቴኩ (አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ክፍል) ዙሪያ ጠብ ጠብ ተደረገ፤ ከጋለው የጭስ መውጫ ግን መራቅ ነው፣ እሳት ይይዛል። ከሞተሩ የላይ ክዳን ወደ ኢንቴክ የሚሄደው የፒሲቪ ቱቦ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ መልሶ ወደ ኢንቴክ የሚወስደው) ጋ ሲደርስ ዙሩ ዘለለ። ቱቦው ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ጫን ሲሉት ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። በዚያ የሚገባው አየር በአየር መለኪያው ሴንሰር ስለማያልፍ ኮምፒውተሩ አይቆጥረውም። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ነውና ያቺው ስንጥቅ ትገናለች፤ ጋዝ ሲሰጥ ትዋጣለች።

ቱቦውና ማሰሪያዎቹ ተቀየሩ። ዘይት የሚችል ቱቦ ይገዛ፤ የውሃ ቱቦ ያብጥና ይለሰልሳል። ትሮትል ቦዲውም (የአየር መግቢያው በር) ታጠበ፣ የአዳማ ንፋስ አቧራ አይቆጥብም። ኮምፒውተሩ ሚኒሞውን እንደ አዲስ እንዲማር ባትሪው 10 ደቂቃ ተነቅሎ፣ ከዚያ ኤሲ ጠፍቶ 10 ደቂቃ በሚኒሞ ሠራች። አሁን ዲ ላይ 650 ዙር ላይ ቆማለች።