ወንድምም ቢሆን ሂሳብ ያሳይ

«ወንድሜ የሟች እናታችንን ቤት ኪራይ ብቻውን ይበላል፣ እኔ ሩቅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ከዲሲም ከዱባይም ይመጣልኛል። አንዴ ልጻፈውና እንገላገል።

ወረቀቱ ቀላሉ ነው። አገር ቤት በእናንተ ስም ለሚንቀሳቀስ ሰው የምትሰጡትን ውክልና ባላችሁበት ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ትፈርማላችሁ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ይወጣል። ወረፋውን ታውቁታላችሁ።

ችግሩ ሰው ጋ ነው። ኑዛዜ ከሌለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾቹን ራሳቸውን የውርስ አጣሪ፣ ማለትም ንብረቱን የሚያስተዳድርና ዕዳውን የሚከፍል፣ ያደርጋቸዋል። እናንተም ወንድማችሁም እኩል አጣሪ ናችሁ ማለት ነው። በወረቀት ነው እንጂ ቁልፉም፣ ካርታውም፣ ተከራዩም ያለው እሱ እጅ ነው።

በኛ ቤት ታላቅ ወንድማችን ገና አርባው ሳይወጣ ሰርቪሶቹን አከራየ። ሂሳብ ስንጠይቀው ለተዝካር ወጣ አለ። ሙት ዓመት ደረሰ፣ ለሙት ዓመቱም ወጣ። ከዚያ ደግሞ የጣሪያ ጥገና መጣ፣ ጣሪያውን ግን በፎቶ እንኳ ያየነው የለም። ደረሰኝ ስለው «ውጭ ተቀምጠሽ የዚህን አገር ኑሮ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። በማግስቱ አጎታችን ደወለ፤ ለገንዘብ ብለሽ የእናትሽን ልጅ ትከሻለሽ ወይ እያለ አለቀሰ። ሽማግሌ ተባለ፣ ሽማግሌዎቹም የተሰበሰቡት ወንድሜ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ቡናውን የምታቀርበውም ሚስቱ ናት፤ እንግዲህ ፍርዱን ገምቱት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሕጉ የቀብር ወጪ ከውርሱ ላይ ቅድሚያ ይከፈላል፣ የተዝካር ወጪ ግን የቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም፣ ዘመዶች ተስማምተው የወሰኑት ቢሆን እንኳ። ጠበቃችን ይህን ሲያነሳ የወንድሜ ሂሳብ ግማሹ ረገፈ። ፍርድ ቤቱም ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አጣሪ ሾመ። አጣሪው የኪራይ ውሎቹን ከተከራዮቹ እጅ ሰበሰበ፣ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ቁጥር ብቻ ሆነ። አጎቴ እስካሁን ቂም ይዟል። ይያዝ።

ስለዚህ አጣሪዎቹ መነጋገር ካቆማችሁ ሽምግልናው እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ገለልተኛ አጣሪ እንዲሾም ጠይቁ። ኪራዩም እስከዚያ ማንም ወራሽ ብቻውን በማያወጣበት ዝግ የባንክ ሂሳብ እንዲቀመጥ አመልክቱ። አጣሪው አበል ይከፈለዋል፣ ይከፈለው፣ በየወሩ ከሚጠፋው ኪራይ ይረክሳል።

ውክልና ለወራሽ አትስጡ። ለእህትም፣ ለወንድምም፣ ለነሱ ባልና ሚስትም ቢሆን። ከውርሱ ምንም የማይደርሰው ሰው ፈልጉ፣ ብትችሉ ጠበቃ። «ጠቅላላ ውክልና» በሕጉ የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ግን በየቦታው የሚሞላው ቅጽ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ» የሚል ተጽፎበት ይመጣል። ሳታነቡ አትፈርሙ፤ የማትፈልጉትን አስወጡት።

እናታችሁ በሕይወት እያሉ ለልጃቸው የሰጡት ውክልናም አለ። ሌላ ስምምነት ካልተጻፈበት በሞታቸው ቀርቷል፤ ወንድማችሁ ግን ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ይዞራል። የሞት ማስረጃውን ኮፒ ይዛችሁ ውክልናው ለተመዘገበበት ቢሮ፣ ለባንኩና ለወረዳው አሁኑኑ አሳውቁ።