ፋይሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት የሆነብኝ ለምን ነበር?
የፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ሙዚቃዎቼን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ቅጂው ከዋናው ደብዘዝ አለብኝ፤ ባሱም ሳሳ። ሦስት ቀን ለፋሁበት። ደጋግሜ ገለበጥኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ዲስኩን ፎርማት አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የሁለቱንም ኤስኤችኤ-256 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ኮድ) አወጣሁ። 64ቱም ፊደልና ቁጥር አንድ ነው። ከፋይሉ አንዲት ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ብትለወጥ ኖሮ ውጤቱ ፍፁም ሌላ ይሆን ነበር። ስለዚህ ችግሩ ፋይሉ ላይ አይደለም።

ለካ ዋናውን የምከፍተው ፉባር2000 በሚባል የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ቅጂውን ደብል ክሊክ ሳደርገው ግን ሌላ ማጫወቻ ይከፍተዋል። የዚያኛው ድምፅ ማመጣጠኛ (የዘፈኖችን የድምፅ ከፍታ እኩል የሚያደርገው) በርቶ ድምፁን ዝቅ ያደርገው ነበር። ጆሮ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን «የተሻለ» አድርጎ ይሰማዋል፤ ድምፅ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሳሳውም ባሱ ነው። ማመጣጠኛውን አጠፋሁት። ከዚያ ሁለቱን በፉባር ኤቢኤክስ ኮምፓራተር (ድምፆችን በስውር ማወዳደሪያ) የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ 16 ጊዜ አወዳደርኩ። በትክክል የለየሁት 8 ጊዜ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም።