"መድኃኒት ተገኘለት" የሚል ዜና ሲደርሳችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ደወለችልኝ። የእናቴ እህት ናት፤ እትዬ እያልኳት ነው ያደግኩት። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። "ሰማህ? ለልጄ መድኃኒት ተገኘ! ኢንሱሊን ሊቀር ነው!" ልጇ 16 ዓመቱ ነው፣ ዓይነት 1 ስኳር አለበት፣ በቀን አራት ጊዜ ይወጋል። ዜናውን ያየችው ቴሌግራም ላይ ነው። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ፤ "ክኒኑን በ9 ሺህ ብር እናስመጣለን" ይላል።

ብር እንዳትልኪ አልኳትና ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም የማይርቅ አንድ ካፌ ተገናኘን። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ያን ቀን ያደረግነውን ነው የምጽፍላችሁ፤ እንደ እሷ በተስፋ የሚንቀጠቀጥ ሰው በየቤቱ አለና።

መጀመሪያ ስም ፈልጉ። "የአሜሪካ ሳይንቲስቶች" ስም አይደለም። የመድኃኒቱ ስም፣ የአጥኚው ተቋም ስም፣ ጥናቱ የታተመበት መጽሔት፤ ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ዜናውን ተዉት። እኛ ብዙ ወረድ ብለን "ዚሚስሌሴል" የሚል ቃል አገኘን። በእንግሊዝኛ ፊደል ፐብሜድ ላይ ጻፍነው። ፐብሜድ የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ነፃ ድረ ገጽ ነው፤ የአብዛኛውን ጥናት አጭር መግለጫ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያነባል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የስልካችሁ መተርጎሚያ ላይ ለጥፉት። ትርጉሙ አንዳንዴ ይንሻፈፋል፣ ስለዚህ ቁጥሮቹን ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያዩ።

ቀጥሎ፣ በሽታው ከምን እንደሚመጣና ሕክምናው የትኛው ቦታ ላይ እንደሚገባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ተናገሩ። መናገር ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ተመለሱና አንብቡ። በዓይነት 1 ስኳር የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሴሎች ይገድላል። ዚሚስሌሴል ደግሞ ከስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል መነሻ ሴል፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠሩ፣ ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሴሎች ናቸው። ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር በኩል ይሰጣሉ። ይህን ለእትዬ ሳስረዳት ጥቂት ዝም አለችና "ታዲያ ያ መከላከያ እነዚህንስ አይገድላቸውም?" አለችኝ። የጥናቱ ዋና ጥያቄ እሱ ነው፤ ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ይገድላቸዋል። ስለዚህ በሽተኛው መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ያለማቋረጥ መውሰድ አለበት። ቴሌግራሙ ላይ ይቺ ነገር የለችም። ሕክምናው ክኒን እንዳልሆነም የለም፤ ስለዚህ የ9 ሺህ ብሩ ነገር እዚሁ አለቀለት።

አሁን ደግሞ "ማን ላይ ተሞከረ?" በሉ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሴል ላይ፣ አይጥ ላይ፣ ወይስ ሰው ላይ? አርዕስቱ ላይ "አይጥ" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ጽሑፉ መሃል ላይ ግን ይገኛል። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን 1412 የተባለ መድኃኒት ለ6 ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ። ጦጣዎች ላይ ችግር አላሳየም ነበር፣ ለሰዎቹ የተሰጠው መጠን ደግሞ እንስሳቱ ከቻሉት በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። ስድስቱም በጠና ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። በሕይወት ተርፈዋል፣ ግን እንስሳ ላይ የሠራ ነገር ሰው ላይም ይሠራል ብሎ ለሚቸኩል ሰው ይህን ንገሩት።

ሰው ላይ ከሆነ ምዕራፉን እዩ። ምዕራፍ 1 ጉዳት አለው ወይ ብሎ ጥቂት ሰው ላይ ያያል፣ ምዕራፍ 2 ይሠራ እንደሆነ ይፈትሻል፣ ምዕራፍ 3 ብዙ ሰው ይዞ ከነበረው ሕክምና ወይም መድኃኒት ከሌለው ማስመሰያ ጋር ያወዳድራል። ብዙው መድኃኒት መንገድ ላይ ይቀራል።

ቁጥሩ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ፤ እኔ ብዙ ሰው ሲሳሳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በ2025 የታተመው የዚሚስሌሴል ጥናት 14 ሰዎች ነበሩት። ሙሉውን መጠን ከወሰዱት 12 ሰዎች 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አላስፈለጋቸውም። ይህ የሚያስደስት ነው፣ እኔም እንባዬ መጥቷል። ግን 12 ሰው ነው። የተመረጡትም ስኳራቸው ድንገት በኃይል እየወረደ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ የሚጥልባቸው ሰዎች ናቸው። ከ14ቱ 2 ሞተዋል፤ አንደኛው በፈንገስ በሚመጣ ማጅራት ገትር ነው። መከላከያው ለተዳከመ ሰው እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ብዙ ሰው ያለበትን ጥናት ስታነቡ ደግሞ "በመቶ" የሚለውን ወደ ሰው ቀይሩት። ሴማግሉታይድ፣ ኦዘምፒክ እየተባለ የሚወራለት የስኳርና የውፍረት መድኃኒት፣ የልብ ሕመም ያለባቸውና ውፍረት የበዛባቸው፣ ስኳር ግን የሌለባቸው 17,604 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2023 ውጤቱ ወጣ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት "በ20 በመቶ ቀነሰ" ተባለ። እውነት ነው። በሰው ሲቆጠር ግን፣ በሦስት ዓመት ከምናምን ውስጥ ማስመሰያውን ከወሰዱት 100 ሰዎች 8ቱ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 6 ተኩሉ ገደማ ናቸው ይህ የደረሰባቸው። ሁለቱም አባባል ትክክል ነው፤ ለራሳችሁ ስትወስኑ ግን ሁለተኛውን ያዙ።

ሁሉ ነገር ውሸት ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ እሱም ሌላ ስንፍና ነው። ሌናካፓቪርን እዩ። ኤችአይቪን ለመከላከል በ6 ወር አንዴ የሚወጋ መድኃኒት ነው፤ ቫይረሱ የዘር ቅንጣቱን የሚሸፍንበትን የፕሮቲን ቅርፊት ያበላሽበታል። ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ ውስጥ ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። በየቀኑ የሚዋጠውን የተለመደ ክኒን እንዲወስዱ ከተመደቡት 1,068 ውስጥ 16 ተያዙ። ሰው ላይ፣ ብዙ ሰው፣ ማወዳደሪያ ያለው፣ ያውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ለሰውም ንገሩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ዜና አንብባችሁ የያዛችሁትን መድኃኒት አታቋርጡ። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ደሙ አሲድ ይሆንና ሊሞት ይችላል። ሻጩ ደግሞ ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም።

ያነበባችሁትን ወደ ሐኪም ስትወስዱ ስልካችሁን ዘርግታችሁ "ይህን እይልኝ" አትበሉት። ከበር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጊዜ የለውም። የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። የእትዬ ልጅ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ጥያቄዎቹን ራሱ በደብተሩ ቅጠል ላይ ጻፋቸው፦ "ይህ ሕክምና እንደ እኔ ላለ ልጅ ተሞክሯል? መከላከያዬን ከሚያዳክም መድኃኒትና ከኢንሱሊን የቱ ይሻለኛል? እስከዚያ ድረስ ሌሊት ስኳሬ እንዳይወርድብኝ ምን ላድርግ?"