አልበም «የራሱ ነው ወይስ የተወሰደ?» ብሎ ለመከራከር

«ይህ አልበም የራሱ ሥራ አይደለም፤ ከሌላ የወሰደው ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ዘፋኙን ለመከላከል አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ምኑን ነው የወሰደው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዜማውን? ግጥሙን? የጊታሩን አጨዋወት? ቅንብሩን? ወይስ የድምፁን ለዛ? በሮክ አልበሞችና ግጥምና ዜማ ራሳቸው በሚደርሱ ዘፋኞች ሥራ ላይ የሚነሣ ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው፣ አንዱ ስለ ዜማ ሌላው ስለ ግጥም እየተናገረ ሁለቱም በአንድ ጉዳይ ላይ የሚሟገቱ ስለሚመስላቸው ነው።

እኔ ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወዳጆቼ ጋር ስንሰበሰብ የማናላላው ደንብ አለ። ምንጩ ነው የተባለውን ዘፈን ሳያሰማ «ተሰርቋል» ማለት አይፈቀድም። ከሳሹ ሁለቱን ዘፈኖች አከታትሎ ያሰማል፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም ማንም አያወራም። ከዚያ ምን እንደ ቀረ፣ ምን እንደ ተቀየረ፣ ምን እንደ ተጨመረ እያንዳንዳችን በወረቀት እንጽፋለን። መጻፉን አትናቁት። በቃል ብቻ ሲሆን ድምፁ የጎላው ሰው ያሸንፋል።

ለመጀመሪያ ቀን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን ሁለተኛ አልበም፣ በ1963 የወጣውን «ፍሪዊሊን» እመክራለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1962 ከወጣው የመጀመሪያ አልበሙ 13 ዘፈኖች መካከል የራሱ ድርሰት የሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የእርሱ ተብለው ወጡ። ሆኖም የ«ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ» ዜማ የተቀዳው «ኖ ሞር ኦክሽን ብሎክ» ከተባለ የጥቁር አሜሪካውያን የባርነት ዘመን መዝሙር ነው። የ«ሃርድ ሬይን» የጥያቄና መልስ አካሄድም ከጥንቱ የትረካ ዘፈን ከ«ሎርድ ራንዳል» የመጣ ነው።

ጊዜ ሰጥታችሁ ልትመረምሩት የሚገባው ግን «ገርል ፍሮም ዘ ኖርዝ ካንትሪ» ነው። ዲላን በ1962 መጨረሻ ለንደን ሄዶ ከእንግሊዛዊው የሕዝብ ዘፈን ተጫዋች ከማርቲን ካርቲ ጋር ተገናኘ፤ ካርቲ የሚጫወተውን የጥንት የእንግሊዝ ዘፈን «ስካርቦሮ ፌር»ንም ሰማ። የጥንቱ ዘፈን መንገደኛን ወደ ቀድሞ ፍቅረኛ ይልካል፤ ከዚያም የማይቻሉ ሥራዎችን ይደረድርባታል፤ መርፌ ሳይነካው የሚሰፋ ሸሚዝ ዓይነት። ዲላን መንገደኛውንም ሰላምታውንም፣ «በአንድ ወቅት ፍቅሬ ነበረች» የሚለውንም ስንኝ አስቀርቷል። የማይቻሉትን ሥራዎች ግን አውጥቶ ጣላቸው። በምትካቸው የገባው ጭንቀት ነው። ያ ሁሉ ነፋስ ሲነፍስ የሚያሞቅ ካፖርት ለብሳ ይሆን? ጸጉሯስ እንደ ድሮው ረጅም ነው? ፈተና የነበረው ዘፈን ናፍቆት ሆነ። ለእኔ ይህ አዲስ ሥራ ነው፤ እስከ መጨረሻው እሟገትለታለሁ።

ቀጥላችሁ የአሜሪካውያኑን ጥንድ ዘፋኞች የሳይመንና ጋርፈንክልን የ1966 «ስካርቦሮ ፌር» አሰሙ። ፖል ሳይመንም ዘፈኑን የተማረው ከዚሁ ከካርቲ ነው፤ በአልበሙ ላይ ግን የካርቲ ስም አልነበረም። እነርሱ የጥንቱን ግጥም እንዳለ ይዘው ከሥሩ ስለ ጦርነት የሚናገር ሌላ ዘፈን አብረው ዘመሩበት። ከአንድ ምንጭ ሁለት የማይመሳሰሉ አልበሞች ጠጥተዋል።

እኔ ትዝታ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በአንድ ቅኝት ዘፋኙ ሁሉ የየራሱን ስንኝ ሲያወርድበት ኖሯል፤ «የእገሌን ትዝታ ሰረቀ» ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። የምንመዝነው ስንኙንና አዘፋፈኑን ነው። ለዚህም ይመስለኛል ዜማ ተመሳሰለ ብቻ ተብሎ የሚቀርብ ክስ የማያረካኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንሂድ። «አዲስ ነው ወይ?» እና «የባለቤቱን ስም ጠቅሷል ወይ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ፈጽሞ አታደባልቋቸው። አሜሪካዊው ጄክ ሆምስ በ1967 «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» የተባለ ዘፈን አወጣ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ ከያርድበርድስ ቡድን ጋር በአንድ መድረክ ተጫወተ፤ የያርድበርድስ ጊታር ተጫዋች ደግሞ ጂሚ ፔጅ ነበር። በ1969 ፔጅ በኋላ የመሠረተው የሌድ ዜፕሊን ቡድን የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ ያው ርዕስ፣ ያው ቁልቁል የሚወርድ የቤዝ መስመር ተገኘበት። ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ግን ፔጅ ብቻ ነው። ሆምስ በ2010 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ በ2012 በወጣው የቡድኑ የመድረክ አልበም ላይም የዘፈኑ መነሻ እርሱ መሆኑ ተጻፈ።

ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። በሆምስ ቅጂ ከበሮ የለም። ዜፕሊን የጆን ቦናምን ከበሮ አምጥቶበታል፤ ፔጅ ጊታሩን በቫዮሊን መምቻ ሲገዘግዘው ደግሞ ሌላ ዓለም ይከፈታል። ሥራው ታላቅ ነው። የሰውየውን ስም መተው ደግሞ በደል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን የሚክድ ተከራካሪ ካለ መልሳችሁ ወደ ወረቀቱ ምሩት።

የፍርድ ቤት ውሳኔን እንደ መጨረሻ ማስረጃ ለሚያቀርብም ቦታውን አሳዩት። የሌድ ዜፕሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ከስፒሪት ቡድን «ታውረስ» ተወስዷል በሚል በተደረገው ክርክር በ2016 ዳኝነት የሰጡት ሰዎች «ታውረስ»ን ከስፒሪት አልበም ላይ እንዲሰሙ አልተደረገም። «ታውረስ» በወጣበት ጊዜ በነበረው ሕግ የተጠበቀው ለመዝገብ የገባው የኖታ ወረቀት ብቻ ስለነበር የተመዘነው እርሱ ነው። ውሳኔው በ2020 በይግባኝም ጸና። ሕጉ የራሱ ሥራ አለው፤ የአድማጭ ጆሮ ሥራ ግን ሌላ ነው።

ጨዋታው ሲለመድ ዜማም ግጥምም ያልተወሰደበትን አልበም አምጡ። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ነብራስካ» (1982) ለዚህ የተፈጠረ ነው። ኒው ጀርሲ ቤቱ ውስጥ አራት መስመር ባለው የካሴት መቅረጫ ቀዳው፤ ዘፈኖቹን ከቡድኑ ጋር ሞክሯቸው ስላልረካ ያንኑ ካሴት አሳተመው። «ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። የቤቱ ጭርታ ባይኖር በዘፈኖቹ ውስጥ ያሉትን ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አናምናቸውም ነበር። በአልበሙ ዘፈን በ«ስቴት ትሩፐር» ውስጥ የሚሰማው ድንገተኛ ጩኸት ግን ከኒውዮርኩ ሱሳይድ ቡድን ሥራ የመጣ ነው፤ «ፍራንኪ ቲርድሮፕ»ን (1977) ከጎኑ አድርጋችሁ ስሙት። ርዝመቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፤ መንፈስም ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ልጆች ባሉበት አታሰሙት፤ መሐል ላይም አታቋርጡት። ሲያልቅ ወረቀቱን አውጡና «ጩኸት ባለቤት አለው?» የሚለውን ለወዳጆቻችሁ አቅርቡላቸው።